በማር ውሃ ያሳደግኋቸው አንዣባቢ ዝንቦች አንድም እንቁላል አልጣሉም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

የጎዛምን መምህር፣ መስከረም 19

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የጓሮዬን ጎመን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ) አይለየውም። ነሐሴ ላይ አንዱን ቅጠል ገልብጬ ሳይ በክሽክሹ መካከል እግር የሌላቸው፣ አረንጓዴ ሆነው ጀርባቸው ላይ ነጭ መስመር ያላቸው ትሎች አገኘሁ። አንዷን በአጉሊ መነጽር ተከታተልኳት። ዓይን የላትም። ጭንቅላቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘች ስትዳብስ ቆየችና አንድ ክሽክሽ ሲነካት ያዘችው፤ ከቅጠሉ ነቅላ ወደ ላይ አነሳችው። እግሮቹ በአየር ላይ ይወራጩ ነበር። መጥጣ ስትጨርስ ባዶ ቆዳውን ጥላ ወደሚቀጥለው ዞረች።

ዘጠኙን ከነቅጠላቸው ወደ ቤት አስገባኋቸው። ክሽክሽ እየጨመርኩ ስቀልባቸው ሰንብተው እንደ እንባ ጠብታ ባለ ቡናማ ሽፋን ተጠቀለሉ። ከሰባቱ ሽፋኖች ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያላቸው፣ ሲያዩአቸው ተርብ የሚመስሉ ዝንቦች ወጡ። ክንፋቸው ሁለት ብቻ ነው፤ መናደፊያ የላቸውም። አየር ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና ዓይን ሳይከተላቸው ወደ ጎን ይሰወራሉ።

በአራት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አሮጌ አጎበር ወጥሬ ቤት ሠራሁላቸው። ክሽክሽ የሞላበት ጎመን በቆርቆሮ ተክዬ አስገባሁ፤ ማር በውሃ በጥብጬ በጥጥ አቀረብኩላቸው። ዛሬ 18 ቀናቸው ነው። ሰባቱም በሕይወት አሉ፤ ይጠጣሉ፣ ይበርራሉ። እንቁላል ግን የለም። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ፈትሼዋለሁ። ምን ጎደለባቸው?


ተማሪዋ፣ መስከረም 19

መምህር፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ነው ያደግሁት። ይህችን ዝንብ ከልጅነቴ ጀምሮ በአደይ አበባ ላይ አውቃታለሁ፤ በእኛ ሰፈር ግን ለብቻዋ የወጣላት ስም ሰምቼ አላውቅም። ንብ መስላን እንሸሻት ነበር። «አንዣባቢ ዝንብ» ያሏት ተስማምቶኛል። ሰባቱ ሁሉ ወንዶች ቢሆኑስ? ሴትና ወንዱ በምን ይለያል?


ተክል ጠባቂዋ፣ መስከረም 20

እታለም፣ በዓይናቸው ይለያሉ። በአብዛኞቹ ዝርያዎች የወንዱ ሁለት ዓይኖች አናቱ ላይ ይገናኛሉ፤ ጭንቅላቱ በሙሉ ዓይን ይመስላል። የሴቷ ዓይኖች ግን በግንባሯ ተለያይተው ይቀመጣሉ። በአጉሊ መነጽር ወዲያው ይታያል።

መምህር፣ እኔ በይልማና ዴንሳ በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። እኔም አንድ ልጠይቅዎ። ሰባቱም ከሽፋናቸው የወጡት አጎበሩ ውስጥ ነው? ከወጡ ወዲህ አበባ ቀምሰዋል?


የጎዛምን መምህር፣ መስከረም 20

አየኋቸው፤ አራቱ ሴቶች ናቸው፣ ሦስቱ ወንዶች። ሁሉም እዚሁ የወጡ ናቸው። አበባ አላስገባሁም። ማሩ ራሱ ከአበባ የተገኘ ስለሆነ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር።


ተክል ጠባቂዋ፣ መስከረም 20

እንግዲያው የጎደለው የአበባ ዱቄት ነው።

ማር ለዝንቧ ጉልበት ይሆናታል። አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ከባድ ሥራ ነው፤ ክንፏ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይርገበገባል፤ ያንን የሚያንቀሳቅሰው ስኳር ነው። እንቁላል ግን ከስኳር አይሠራም። አስኳሉ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ፕሮቲኑ ያለው ደግሞ በዱቄቱ ውስጥ ነው። ንብ ዱቄቱን በእግሯ ጠቅልላ ወደ ቀፎዋ ትወስዳለች። ይህች ዝንብ ግን ራሷ ትበላዋለች። ወንዱም ይበላል፤ ሴቷ አብዝታ ትበላለች፤ ምክንያቱም እንቁላሉን የምትሠራበት እሱ ነው።

ከሽፋኗ ስትወጣ እንቁል እጢዎቿ ገና ያልዳበሩ፣ የቀጠኑ ናቸው። እያንዳንዱ እጢ የብዙ ቱቦዎች ነዶ ነው። በየቱቦው ውስጥ እንቁላሎች በተራ ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ለጋው ከጫፍ፣ የበሰለው ከመውጫው በኩል። ከጎናቸው መጋቢ ሴሎች አሉ። ፕሮቲን ሲገባ አስኳሉ ይሞላል፤ ሰልፉ ወደ ፊት ይገፋል። ፕሮቲን ከሌለ ሰልፉ ባለበት ይቆማል። በአውሮፓ ብዙ የተጠናችው ኤፒሲርፈስ ባልቴአተስ የምትባለው አንዣባቢ ዝንብ ለመጀመሪያው እንቁላል አንድ ሳምንት ያህል ዱቄት ስትበላ መቆየት አለባት። ከዚያ በኋላ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች፤ ሲመቻት ከሺህም ያልፋል።

አበላሏ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ነው። የዱቄቱ ቅንጣት ቅርፊት እጅግ ጠንካራ ነው፤ እሷ የምትፈጭበት ጥርስ የላትም። ከነቅርፊቱ ትውጠዋለች። ሆዷ ውስጥ ርሶ ያበጠው ቅንጣት ውስጡን በቀዳዳዎቹ በኩል ይለቅቃል፤ አሚኖ አሲዱን ወስዳ ባዶውን ቅርፊት ታስወግዳለች። ስለዚህ ኩሷን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ከየትኛው አበባ እንደበላች ያውቃል። የትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ የሚሠራ ከሆነ ከተማሪዎችዎ ጋር ይሞክሩት፤ የኑግ ዱቄት ቅንጣት በሾህ የተከበበ ኳስ ነው።

ለማረጋገጥ ከፈለጉ ደግሞ አንዲት ሴት ከሜዳ ይያዙና እዚያው አጎበር ውስጥ ያስገቧት። ምግቡም ቤቱም ያው ነው፤ ልዩነቷ አበባ ላይ የከረመች መሆኗ ብቻ ነው።


የዳንግላው ንብ አናቢ፣ መስከረም 21

ልጄ፣ የተናገርሽው በእኔም ቀፎ እውነት ነው። 34 ዓመት ንብ ይዣለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲጠናና ዱቄት የሚገኝበት አበባ ሲጠፋ አውራዋ እንቁላል ታቆማለች ማለት ይቻላል፤ ማር ቢኖርም ታቆማለች። መስከረም ሲጠባ አደይና መች ሲፈነዱ፣ ንቦቹ እግራቸው ቢጫ ሆኖ ሲገቡ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ሰፈፉ በእጭ ይሞላል። ልጆቼን የማስተምራቸውም በዚህ ነው፤ የቀፎውን ጤና የምለካው በሚገባው ዱቄት ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሩን የማየው።

አንድ ስጋት አለኝ። ይህች ዝንብ የንቤን ድርሻ ትሻማለች?


ተክል ጠባቂዋ፣ መስከረም 21

ጋሼ፣ አይስጉ። ምላሷ አጭር ነው፤ የምትመርጠው ገላጣና ጥልቀት የሌለው አበባ ነው። ድምብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ የኑግና የአደይ አበባ ይመቿታል። ኑግ ሲያብብ ሜዳው በሙሉ ዱቄት ነው፤ ለሁሉም ይተርፋል። እሷም እንደ ንብዎ ከአበባ ወደ አበባ ዱቄት ታዳርሳለች፤ ኑግ ደግሞ ነፍሳት ካልጎበኙት ፍሬ በደንብ አይቋጥርም።


ዲያቆኑ ከመርጡለ ማርያም፣ መስከረም 22

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሌላ ጥያቄ ላንሳ። በከብቶቻችን የእበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ውሃ በቆመበት፣ ረጅም ጅራት ያለው ነጣ ያለ ትል አይቻለሁ። ሰው ይጸየፈዋል። ትሉ ወደ ጉድጓዱ ዳር ወጥቶ ሽፋን ከሠራ በኋላ ንብ የመሰለ ዝንብ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ይህም የእናንተው ዝንብ ወገን ነው? ከሆነስ ሶምሶን በአንበሳው ሬሳ ውስጥ ንብና ማር ያገኘበት ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ ምን ትላላችሁ?


የጎዛምን መምህር፣ መስከረም 22

ዲያቆን፣ ያዩት ኤሪስታሊስ የሚባለው ወገን ይመስለኛል። በዓለም ላይ ወደ 6,000 የሚጠጉ የአንዣባቢ ዝንብ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ክሽክሽ የሚበሉት እጮች የአንድ ትልቅ ክፍል ናቸው፣ የእነዚህ እጭ ግን የቆመ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድገው። ጅራት የመሰለው መተንፈሻ ቱቦ ነው፤ እንደ አንቴና ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ትሉ ከሥር ሆኖ አየር ከላይ ይስባል። እናቲቱ እንቁላሏን በውሃው ዳር፣ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ በአንድ ላይ ከምራ ትጥላለች። የክሽክሽ በላዎቹ እናቶች ግን አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ እየበተኑ ነው።

ስለ ሶምሶን የሰሙት የኦስተን ሳከንን ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። ይህ የሩሲያ ዲፕሎማትና የዝንብ አጥኚ የነበረ ሰው ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ንብ ከበሬ ሬሳ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር፤ እሱ በ1894 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በሬሳው ፈሳሽ ውስጥ የተፈለፈለችው ኤሪስታሊስ ቴናክስ ናት፣ ሰዎች ንብ መስላቸው ተሳሳቱ ሲል ተከራከረ። ለግሪኮቹ ተረት ማስረጃው ያሳምነኛል። በሶምሶን ታሪክ ግን ማር አለ፤ ዝንቧ ማር አትሠራም። የደረቀ የአንበሳ አጽም ውስጥ እውነተኛ ንብ ቢሰፍር እኔን አያስገርመኝም፤ ንብ ክፍት ጎድጓዳ ነገር ካገኘ ይገባል።


የዳንግላው ንብ አናቢ፣ መስከረም 22

ይገባል። እኔ ከግድግዳ ውስጥም ከአሮጌ ማሰሮ ውስጥም አውጥቻለሁ።


የጎዛምን መምህር፣ ጥቅምት 1

ተክል ጠባቂዋ እንዳለችኝ አደረግሁ፤ ውጤቱን በዝርዝር እጽፋለሁ።

መስከረም 23 ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የኑግ ማሳ ዳር አንዲት ሴት ያዝኩ። ሆዷ ወፍራም ነበር። ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ከሥር በአጉሊ መነጽር ስመለከት በሆዷ ቀለበቶች መካከል ባለው ስስ ቆዳ በኩል ቢጫ ነገርና ነጫጭ ዘንጎች ይታዩኝ ነበር። ቢጫው የበላችው ዱቄት፣ ነጫጮቹ የበሰሉት እንቁላሎች ናቸው ብዬ ወሰድኩ። ለብቻዋ ሌላ አጎበር ሠርቼ፣ ክሽክሽ ካለበት አዲስ ጎመን ጋር፣ ያንኑ የማር ውሃ ሰጠኋት።

በማግስቱ ጠዋት 23 እንቁላል!

ነጭ ጤፍ የምታውቁ ሰዎች እንቁላሉን አውቃችሁታል። መጠኑ ያንኑ ያህል ነው፤ ወደ አንድ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ነጭ፣ ሞላላ፣ በጎኑ ቅጠሉ ላይ የተለጠፈ። አጉልቼ ሳየው ልባሱ ለስላሳ አይደለም፤ ስፌት ላይ እንደሚታይ የጥለት መስመር በመስመር ተሸርቧል። ከቀይዋ ነጠብጣብ ጥንዚዛ እንቁላል ጋር እንዳታምታቱት፤ የእሷ ቢጫ ነው፣ ተሰብስቦ ቆሞ ይታያል። ተማሪዎቼን በአጉሊ መነጽሩ ተራ በተራ አሳየኋቸው። አንዲት ልጅ ዓይኗን ሳታነሣ «ማን አስተማራት?» አለች።

በቀጣዮቹ ቀናት 31፣ 14፣ 5፣ ከዚያ ምንም። የማር ውሃው አልተቋረጠም፤ ክሽክሹም ሞልቷል። ከሜዳ ይዛው የመጣችው ዱቄት አለቀ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከመጀመሪያዎቹ 23 እንቁላሎች 19ኙን የጣለችው ላይኛው ለጋ ቅጠል ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ክሽክሽ ከሃያ አይበልጥም። ታችኛው ቅጠል በክሽክሽ ጠቁሯል፤ ለልጆቿ ማዕድ የተዘረጋው እዚያ ነው። ለምን ተወችው?


ተክል ጠባቂዋ፣ ጥቅምት 1

መምህር፣ እልል ነው ያልኩት!

ታችኛውን የተወችው አርቃ ስላሰበች ነው ብል በእሷ አንደበት መናገር ይሆንብኛል፤ ግን ውጤቱ እንደዚያው ነው። እንቁላሉ ለመፈልፈል ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ሊዘገይም ይችላል። እጩ ከዚያ በኋላ ለማደግ አሥር ቀን ያህል ያስፈልገዋል። ዛሬ ሞልቶ የጠቆረው የክሽክሽ መንጋ ያን ጊዜ የለም፤ ሲጨናነቁ ክንፍ ያላቸው ይወለዳሉ፣ ይበርራሉ፤ ቅጠሉም ይደርቃል። ትንሹና አዲሱ መንጋ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበዛል። ስለዚህ ሴቷ በማደግ ላይ ያለ መንጋ ትመርጣለች። የምትለየው በክሽክሹ ጠረንና በሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ሌላ እጭ ቀድሞ የሰፈረበትን ቅጠልም ትሸሻለች፤ የተራበ እጭ ወንድሙን ይበላልና። ስታረጅና የበሰለ እንቁላል ሲያጨናንቃት ግን ምርጫዋን ታላላለች፤ ክሽክሽ የሌለበት ቅጠል ላይም ትጥላለች። ዱቄቱ ሲቋረጥ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የጀመረችውን እንቁላል መልሳ ወደ ሰውነቷ ልትመጥጠው ትችላለች፤ የሰውነቷን ሀብት አታባክንም።

ክሽክሽን አትናቁት። በእኛ አገር ሙቀት ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ እንቁላልም አትጥልም፣ በሕይወት ያለ ልጅ ነው የምትወልደው። የተወለደችው ሆዷ ውስጥ ልጅ መፀነስ ጀምራ ነው የምትወጣው፤ በሳምንት ገደማ እናት ትሆናለች። እንዲህ ያለውን ፍጥነት የሚገታ ዝንብ መንጋው ገና ትንሽ ሳለ መድረስ አለበት። አንድ እጭ እስኪያድግ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል፤ ግን በጊዜው ከተፈለፈለ ነው።


የሜጫው መስኖ ገበሬ፣ ጥቅምት 3

እኔ በቆጋ መስኖ የምጠቀም ነኝ፤ በበጋ ጎመንና ድንች አመርታለሁ። ክሽክሽ አክስሮኛል። መድኃኒት የሚሸጥልኝ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ርጭ ብሎኝ ስረጭ ከረምኩ። መጀመሪያ ይሞታል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። እናንተ ስለ እንቁላል ስትነጋገሩ አነበብኩና ልቤ ተነካ። እኔ ራሴ ነኝ የገደልኳቸው ማለት ነው?


ተክል ጠባቂዋ፣ ጥቅምት 3

ወንድምዓለም፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ የነገረህ ሰው ሙሉውን አልነገረህም። የምትረጨው እንደ ዳይሜቶኤትና ማላታዮን ያለ ከሆነ ክሽክሹንም እጩንም አንድ ላይ ይጨርሳል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አስበው። ከተረፉት ጥቂት ክሽክሾች አንዷ በሳምንት እናት ትሆናለች። ዝንቧ ግን ከሩቅ መምጣት አለባት፣ አበባ ማግኘት አለባት፣ ሳምንት ዱቄት መብላት አለባት፣ ከዚያ እንቁላሏ ተፈልፍሎ ማደግ አለበት። በየርጭቱ ክሽክሽ የሁለት ሳምንት ቀዳሚነት ያገኛል። ብሶ የመጣው ለዚህ ነው።

ቅጠል ስትገለብጥ ነጩን ጤፍ የመሰለ እንቁላል ወይም ጥቁር ቅጥራን የመሰለ የእጭ ኩስ ካየህ እዚያ ቦታ አትርጭ። የባሰበትን ተክል ብቻ ለይተህ ንቀል ወይም በሳሙና ውሃ እጠብ። ከሁሉ በፊት ግን በማሳህ ዳር አበባ ይኑር። በበጋ ኑግም አደይም የለም። ውሃ አለህ፤ ድምብላል በመስመር ዝራ፤ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ከዘራኸው አንዱ ፍሬ ሲይዝ ሌላው ያብባል። የድምብላሉን ፍሬ ደግሞ ትሸጠዋለህ።


የይልማናው ገበሬ፣ ጥቅምት 4

እኔ አተር እዘራለሁ። አባቶቻችን በአተሩ ማሳ ዳር ኑግ ይዘሩ ነበር፤ ከብት ኑግ አይወድም፣ አጥር ይሆናል ብለው ነው። እኔ መሬት አጠረኝና ተውኩት። ኑጉ ሌላ ሥራም እንደነበረው አሁን ገባኝ። በሚቀጥለው ሰኔ እመልሰዋለሁ።


የዳንግላው ንብ አናቢ፣ ጥቅምት 4

የሜጫው ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። መርጨት ግድ ከሆነብህ ፀሐይ ከገባች በኋላ ርጭ፤ ጎረቤቶችህ ንብ አናቢዎች ከሆኑ ደግሞ ከዋዜማው ንገራቸው። ካቻምና ሳይነገረኝ አምስት ቀፎ አልቆብኛል። ጠዋት ሄጄ መግቢያው ላይ የተቆለለውን ሬሳ በእጄ ጠረግሁት። ያንን ለጠላቴም አልመኝለትም።


የሜጫው መስኖ ገበሬ፣ ጥቅምት 4

ጋሼ፣ ቃሌን ሰጥቼዎታለሁ፤ እነግራቸዋለሁ።


ተማሪዋ፣ ጥቅምት 9

መምህር፣ ቤት ውስጥ ያደጉት አራቱ ሴቶች ምን ሆኑ?


የጎዛምን መምህር፣ ጥቅምት 10

እታለም፣ ልጽፍ ስል ቀደምሽኝ። ከመስከረም 23 ጀምሮ በየጠዋቱ የኑግ አበባ ቀጥፌ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቆምኩላቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ሴቶች አበባው ላይ ተቀምጠው ሙሉ ረፋዱን አልተነሡም። በፊት እግራቸው ደረታቸው ላይ የተነሰነሰውን ዱቄት እየጠረጉ ወደ አፋቸው ይወስዱ ነበር። አንዷ ሴት መስከረም 26 ሞተች፤ ዕድሜዋ ነው መሰለኝ። በስምንተኛው ቀን የቀሩት ሦስቱ ሆዳቸው ተነፋ። ጥቅምት 2 ለጋው ቅጠል ላይ 9 እንቁላል አገኘሁ፤ በማግስቱ 12። ለ22 ቀን በማር ውሃ ባዶ የነበረ ማኅፀን ነው።

የሚያሳዝነው ግን አልተፈለፈሉም። ከሜዳ የመጣችው እናት እንቁላሎች በአራተኛው ቀን ተፈለፈሉ፤ የእነዚህ ግን ቢጫ ሆነው ተጨማደዱ። ሦስቱ ወንዶች አብረዋቸው ነበሩ፤ አንድም ጊዜ ሲገናኙ አላየሁም።

ሌላም አለ። ከዘጠኙ ሽፋኖች ሁለቱ ሳይከፈቱ ቀርተው ሞተዋል ብዬ በክብሪት ሣጥን አስቀምጫቸው ነበር። ትናንት አንዱ ከጫፉ ተቀድዶ አገኘሁት። ሣጥኑ ውስጥ የምትሄደው ዝንብ አይደለችም፤ ቀጭን፣ ጥቁርና ቀይ፣ የኋላ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ ባለ አራት ክንፍ ተርብ ናት። ከዝንብ ሽፋን ተርብ እንዴት ይወጣል?


ተክል ጠባቂዋ፣ ጥቅምት 10

ስለ ተርቧ ልጀምር። ዲፕላዞን ላይታቶሪየስ ትሆናለች፤ በብዙው ዓለም ትገኛለች። እንቁላሏን የምትጥለው በዝንቧ እንቁላል ወይም ገና በተፈለፈለው እጭ ውስጥ ነው። እጩን ወዲያው አትገድለውም፤ ክሽክሹን በልቶ ይደግ፣ ሽፋኑን ይሥራ ብላ ትተወዋለች። ሽፋኑ ከተሠራ በኋላ የእሷ ልጅ ከውስጥ በልቶት ይወጣል። ብዙዎቹ ያለ ወንድ ሴት ልጅ የሚወልዱ ናቸው። ስለዚህ ነጭ ጤፏን ያየን ሁሉ ዝንብ ትሆናለች ብለን አንቁጠር።

ያልተፈለፈሉት ደግሞ የወንድ ዘር ያልደረሳቸው ናቸው። እነዚህ ዝንቦች ብዙዎቹ የሚገናኙት በአየር ላይ ነው፤ ወንዱ በጠራ ቦታ ላይ አንዣብቦ ይጠብቃል፣ ሴት ስታልፍ ይከተላታል። የአንድ ክንድ ተኩል አጎበር አይበቃውም። የሜዳዋ እናት ግን ሳይይዟት በፊት ተገናኝታ ነበር፤ ዘሩን በሆዷ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ከረጢቶች አስቀምጣ እንቁላሉ ሲወጣ ታዳርሰዋለች። በአውሮፓ ኤሪስታሊስ ቴናክስ በመኸር ተገናኝታ ዘሩን ይዛ የብርዱን ወራት በሙሉ በስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች፤ እንቁል እጢዋ ያኔ ገና ባዶ ነው። ብርዱ ሲያልፍ ወጥታ የመጀመሪያውን አበባ ትበላለች፤ እንቁላሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዘር ቀድሞ ገብቶ ወራት ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም አበባን ነው።

መምህር፣ አጎበሩን ትተው የትምህርት ቤቱን የጎመን መደብ ይጠቀሙ። አየሩም ወንዶቹም እዚያ አሉ።


የጎዛምን መምህር፣ ጥቅምት 24

ተጠቀምን። የትምህርት ቤቱ ጎመን ከአንድ ወገን ከኑግ ጋር ይዋሰናል፣ በሌላው ጫፍ የታጨደ ገብስ ነው። ተማሪዎቹ ከየጫፉ 40 ቅጠል ገለበጡ። ከኑጉ በኩል 57 እንቁላልና 11 እጭ፤ ከገለባው በኩል 8 እንቁላልና 1 እጭ። ማሳው አንድ ነው፣ የታየውም ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጥላውና ነፋሱም የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ኑጉ ሲታጨድ ደግመን እንቆጥራለን።

ያቺ «ማን አስተማራት?» ያለችው ልጅ የቆጠራውን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት።


የሜጫው መስኖ ገበሬ፣ ጥቅምት 25

መምህር፣ እኔም ትናንት ጎመኔን ገለበጥኩ። ሦስት አገኘሁ። ሦስት ብቻ፣ ግን ነጭ ጤፍ ናቸው። በዚያ መደብ አልረጨሁም። ድምብላል የምዘራበት መስመር አዘጋጅቻለሁ፤ ዘሩ ግን በገበያችን ለወጥ የተፈጨው ነው እንጂ ፍሬው አልተገኘልኝም።


የዳንግላው ንብ አናቢ፣ ጥቅምት 25

ልጄ፣ ከጓሮዬ የለቀምኩት ድምብላል አንድ ቁና ያህል አለኝ። ቅዳሜ ወደ መራዊ እመጣለሁ። ከገበያው መግቢያ ጠብቀኝ፤ ነጭ ጋቢ ለብሻለሁ፣ ዘሩን በቀይ ስልቻ ይዣለሁ።